ናጊናታ እንዴት የሴት መሣሪያ ሆነ?

ሐምሌ 10 ቀን፣ በአውሮፓውያን ጁላይ 17፣ የኪዮቶ ሰው ማልዶ ወደ አውራ ጎዳናው ይወጣል። የጊዮን በዓል ነው። ምስማር ሳይመታባቸው በገመድ ብቻ ተጠፍረው የቆሙ፣ አንዳንዶቹ ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝሙ የእንጨት ማማዎች በግዙፍ መንኮራኩሮች ላይ ሆነው በሰው ጉልበት እየተጎተቱ ያልፋሉ። አብዛኞቹ ማማዎች የሰልፍ ተራቸውን የሚያውቁት በዕጣ ነው። አንዱ ግን ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ ሁልጊዜ ፊት መሪ ነው። ስሙ ናጊናታ ሆኮ ነው፤ ከአናቱ ላይ የተሰካው ናጊናታ የተባለው ባለ ረጅም ዘንግ መሣሪያ ነውና።

በዚህ ማማ ላይ ሴት አትወጣም። ከሰልፉ ቀደም ባሉት ምሽቶች ወንድ ጎብኚዎች ሲወጡ ሴቶች ከታች ሆነው ያያሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለሴቶች የፈቀዱ ሌሎች ማማዎች አሉ፤ ፊት መሪው ግን እንደ ቀድሞው ነው።

ጥንታዊ በዓል የራሱ ወግ አለው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገሩ ግራ የሚያጋባው እዚያው ጃፓን ውስጥ ናጊናታ ወደሚሠለጠንበት አዳራሽ የገባ ሰው የሚያየውን ሲያይ ነው። ዘንጉን ጨብጠው የሚጮኹት፣ የሚመቱት፣ የሚመከቱት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ለአንድ ተራ ጃፓናዊ ናጊናታ ማለት የሴቶች ማርሻል አርት ነው። ለምን እንደሆነ ቢጠየቅም መልሱ ዝግጁ ነው፦ ዘንጉ ረጅም ስለሆነ አቅሟ ትንሽ የሆነች ሴት ጉልበተኛ ወንድን ሳታስጠጋ መከላከል ትችላለች።

መልሱ ውሸት አይደለም። የዘንጉ ርዝመት በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ርዝመቱ ሁሉንም ነገር ቢያስረዳ ኖሮ፣ ከናጊናታ እጥፍ የሚረዝመው የጃፓን የእግረኛ ጦር ከማንም በፊት የሴት በሆነ ነበር። ያ ጦር እስከ መጨረሻው የወንድ ወታደር ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ምክንያቱን ከመሣሪያው ቅርጽ ይልቅ በታሪኩ ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

አስቀድሞ ግን መሣሪያውን እንወቀው። ናጊናታን በአማርኛ «ጦር» ብሎ መጥራት ያሳስታል። ጦር ይወጋል፣ ይወረወራል። ናጊናታ ዋና ሥራው መቁረጥ ነው። አንድ ቆልማማ ጎራዴ እጀታው ወልቆ በሰው ቁመት ዘንግ ጫፍ ላይ ሲሰካ ያስቡ፤ ከሞላ ጎደል ናጊናታ ማለት ያ ነው። የብረቱ ጭራ በዘንጉ ውስጥ ብዙ ርቀት ይገባል፤ በኃይል ሲመቱበት እንዳይወልቅ ነው። ዘንጉ እንደ መጥረጊያ እንጨት ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው። ይህች ትንሽ ብልሃት ትልቅ ጥቅም አላት፤ ተዋጊው ዓይኑን ከጠላቱ ላይ ሳያነሳ የስለቱ አፍ ወዴት እንደዞረ መዳፉ ይነግረዋል። ስሙን በቻይና ፊደላት ሲጽፉት ቀድሞ «ረጅም ጎራዴ» የሚል ትርጉም በሚሰጡ ምልክቶች ይጽፉት ነበር፤ ኋላ «አጫጅ ጎራዴ» ወደሚል ተለወጠ። አጫጅ የሚለው ይበልጥ ይስማማዋል። እንቅስቃሴው ሣር እንደሚያጭድ ሰው ነው፤ ሰፊ፣ ዙሪያ ገብ፣ ከላይ ወደ ታችም ከታች ወደ ላይም።

ስሙ በጽሑፍ ጎልቶ የሚገኘው በ12ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው ናቸው) በ1146 በተመዘገበ አንድ ወሬ ሚናሞቶ ኖ ጹኔሚጹ የተባለ የጦር ሰው መሣሪያው ናጊናታ መሆኑ ተጠቅሷል። በዚያ ዘመን የከበረ ተዋጊ ማለት በፈረስ ላይ ሆኖ ቀስት የሚወረውር ነው። ናጊናታ የሚይዘው ከፈረሱ ጎን የሚሮጠው እግረኛ ሎሌ ነበር፤ ጌታውን ይጠብቃል፣ የመጣውን ፈረሰኛ ፈረስ እግሩን ይመታል። የ1159ኙን የሄይጂ አመፅ የሚያሳዩ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን የተሣሉ ጥቅልል ሥዕሎች አሉ። ናጊናታ የያዙ ወንዶች ሞልተውባቸዋል። በአንደኛው ላይ ሺንዜይ የተባለው የቤተ መንግሥት ሰው ራሱ ተቆርጦ በናጊናታ ጫፍ ተንጠልጥሎ በከተማው መንገድ ሲያልፍ ይታያል። ከዚህ ሥዕል ተነስቶ «የሴት መሣሪያ» ወደሚለው ሐሳብ ለመድረስ ረጅም መንገድ መሄድ ያስፈልጋል።

ናጊናታን ዝነኛ ያደረጉት ግን መነኮሳት ናቸው። በኪዮቶ ራስጌ በሂዬይ ተራራ ላይ ያለው የኤንሪያኩጂ ገዳም፣ በናራ ደግሞ ኮፉኩጂ፣ የራሳቸው ተዋጊዎች ነበሯቸው። ገዳማቱ ሰፊ መሬትና ብዙ ገባር ስለነበራቸው መሬታቸውን በጸሎት ብቻ አይጠብቁትም ነበር። ራሳቸውን በነጭ ጨርቅ ጠምጥመው ናጊናታ ታጥቀው ያኔ ዋና ከተማ ወደ ነበረችው ኪዮቶ ሲወርዱ ቤተ መንግሥቱ ይጨነቃል። የታይራና የሚናሞቶ ቤቶች ጦርነት በ1180 ሲጀመር እንደ እነሱ የታጠቁ የሚዴራ ገዳም መነኮሳት በኡጂ ወንዝ ድልድይ ላይ ተገኙ። ጦርነቱን የሚተርከው የሄይኬ ታሪክ ያንን ውጊያ በደንብ ሥሎታል። የድልድዩ ወለል ሳንቃ ተነቅሏል፤ የቀረው ተሸካሚው ግንድ ብቻ ነው። ታጂማ የተባለው መነኩሴ ብቻውን ወጥቶ ወደ እርሱ የሚበርሩትን ቀስቶች ከላይ ሲመጡ ጎንበስ፣ ከታች ሲመጡ ዘለል እያለ፣ ፊት ለፊት የመጡትን በናጊናታ እየቆረጠ ይጥላል። «ቀስት ቆራጩ ታጂማ» የሚል ስም ወጣለት። ጆሚዮ የተባለው ጓደኛው ደግሞ በግንዱ ላይ ሮጦ በናጊናታው አምስት ሰው ጣለ፤ በስድስተኛው ላይ ዘንጉ ተሰበረና ጎራዴውን መዘዘ። የተረት ማጋነን እንዳለበት ግልጽ ነው። ቢሆንም ተራኪው ዘንጉ እንደሚሰበር መርሳት አልፈለገም፤ ይህን እወድለታለሁ።

አሁን ወደ ቶሞዬ ጎዜን እንምጣ። ዛሬ የናጊናታ ነገር ሲነሳ ስሟ ሳይጠራ አይታለፍም። የጦር አዛዡ የኪሶ ዮሺናካ ባልደረባ የሆነች፣ በ1184 በአዋዙ ውጊያ ከጌታዋ ጋር እስከ መጨረሻው ከቆዩት ጥቂቶች አንዷ ናት። በኋለኛው ዘመን በተሣሉ ሥዕሎች ላይ በፈረስ ተቀምጣ ናጊናታ ይዛ እናያታለን። በስፋት የሚነበበውን የሄይኬን ታሪክ ስንከፍት ግን የምትመሰገነው በቀስቷና በጎራዴዋ ነው። በመጨረሻው ውጊያዋም የገጠማትን ሰው ከፈረሱ ጎትታ ወደ ኮርቻዋ አጣብቃ አንገቱን የቆረጠች ናት፤ ናጊናታ የለም። ናጊናታውን ያስጨበጧት ከእርሷ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ ሠዓሊዎች ናቸው። በእነሱ ዘመን ተዋጊ ሴት ከናጊናታ ጋር ተያይዛ ትታሰብ ስለነበር ወደ ኋላ ተመልሰው ለቶሞዬም ሰጧት። የስለቱ ቅርጾችም ስማቸውን ያገኙት እንዲሁ ነው፤ ሰፊውና በጣም የቀለበሰው «ቶሞዬ»፣ ቀጠን ያለው «ሺዙካ» ይባላል። ሺዙካ ደግሞ የጀግናው ዮሺጹኔ ፍቅረኛ የነበረች፣ በውዝዋዜዋ የታወቀች ሴት ናት። መነኩሴና ሎሌ የተዋጋበት ብረት በሁለት ሴቶች ስም ተጠርቶ ቀረ።

ታዲያ ወንዶቹ ለምን ተዉት? መልሱ ያለው በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነቶች ውስጥ ነው። ከ1467 እስከ 1477 ኪዮቶን ያቃጠለው የኦኒን ጦርነት ለመቶ ዓመት የዘለቀ የመሳፍንት ፍጅት ከፈተ። መሳፍንቱ ገበሬውን በሺህ እየመለመሉ ማሰለፍ ጀመሩ። ናጊናታ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ባለቤቱ በዙሪያው አንድ ክብ ያስከብራል፤ በዚያ ክብ ውስጥ የገባ ጠላትም ይሁን ወዳጅ ይቆረጣል። ትከሻ ለትከሻ የቆመ እግረኛ ናጊናታ ሊወዘውዝ አይችልም። ያሪ የተባለው ቀጥተኛ ጦር ግን ወደ ፊት መገፋት ብቻ ነው፤ ለማሠራት ይረክሳል፣ ለማስተማርም ጥቂት ቀን ይበቃል። ዘንጉ እየረዘመ አምስትና ስድስት ሜትር ደረሰ። በ1543 በታኔጋሺማ ደሴት የፖርቱጋሎች ጠመንጃ ሲደርስ ነገሩ አበቃ። ናጊናታ ያረጀው ደካማ ስለነበረ አይደለም። ለብቻው የሚዋጋ፣ ብዙ ዓመት የሠለጠነ ሰው መሣሪያ ነበር፤ ያ ሰው ነው ከጦር ሜዳ የጠፋው።

ብረቱ ግን አልተጣለም። ባለቤቶቹ ጭራውን እያሳጠሩ፣ የጫፉን ቅርጽ እያስተካከሉ ወደ ጎራዴ ለወጡት። ጃፓኖች «ናጊናታ ናኦሺ» ይሉታል፣ የታረመ ናጊናታ እንደማለት። «ከናጊናታ በታረመ ጎራዴ ውስጥ ደነዝ የለም» የሚል አባባልም አላቸው፤ ሰው አሳጥሮ ለመያዝ የደከመለት በጦርነት የተፈተነውን ብረት ብቻ ስለሆነ ነው። ከእነዚህ መካከል ዝነኛው «ሆኔባሚ» ይባላል፣ «አጥንት ቆርጣሚ»። ዛሬ የኪዮቶው ቶዮኩኒ መቅደስ ንብረት ነው። በወሬው መሠረት ለመምታት የተሰነዘረ መስሎ ቢታይ እንኳ አጥንት ይሰብራል።

ከ1603 ጀምሮ ሾጉን የተባሉት የቶኩጋዋ ቤት የጦር ገዢዎች አገሪቱን ከ250 ዓመት በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ትልቅ ጦርነት ገዙ። ሳሙራዩ ቢሮ ገብቶ መዝገብ የሚይዝ ሠራተኛ ሆነ። በወገቡ ያሰራቸው ሁለት ጎራዴዎች የማዕረጉ ምልክት ስለሆኑ ከእርሱ አይለዩም። ናጊናታ ግን በወገብ አይታሰርም፤ ቢሮም አይገባም። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ቀረ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የምትቀረው ሴቷ ነበረች። እኔ ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ከጉልበትና ከርዝመት ስሌት ይልቅ የዕቃ አቀማመጥ ጉዳይ ነው። የሳሙራይ ሴት ልጅ ስታገባ፣ የቤተሰቧ ዓርማ በወርቅ የተሣለበት፣ ጥቁር አንጸባራቂ ቀለም የተቀባ ናጊናታ ከልብሷና ከመስተዋቷ ጋር ይዛ ትሄድ ጀመር። በአንዳንድ ቤት ጌጥ ነበር። በሌላው ቤት ግን በየማለዳው የሚወረድና የሚሠለጠንበት ነው። ሥልጠናው ቤት ከመጠበቅ እኩል ጨዋነትን፣ ትዕግሥትንና አቋምን ለማስተማር ታስቦ ነበር። ይህ ሁለተኛው ዓላማ እያደገ ሄዶ በኋላ ትልቅ መዘዝ ያመጣል።

ለመጨረሻ ጊዜ በእውነተኛ ውጊያ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የ1868ቱ የአይዙ ጦርነት ነው። የአይዙ ግዛት፣ ዛሬ ፉኩሺማ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ለሾጉኑ ታምኖ የአዲሱን ንጉሣዊ መንግሥት ጦር ገጠመ። የ21 ዓመቷ ናካኖ ታኬኮ ከእናቷ፣ ከእህቷና ከጥቂት ሴቶች ጋር ጸጉራቸውን ቆርጠው ወጡ። የአይዙ ሹማምንት በይፋ ሊያሰልፏቸው አልፈለጉም፤ «የሴቶች ጦር» የሚለው ስም እንኳ የተሰጣቸው በኋላ ነው። በያናጊ ድልድይ አጠገብ ጠመንጃ የያዘ ጦር ገጠማቸው። ታኬኮ በጥይት ተመታ ወደቀች። ጠላት ራሷን እንዳይወስድ እህቷ ቆርጣ ወሰደችው፤ በሆካይጂ ገዳም ተቀበረ። በናጊናታዋ ላይ አስራው የነበረችው ግጥም ከጀግኖች ልብ ጋር ሲነጻጸር ራሷን ከቁጥር የማትገባ አድርጎ ይናገራል። በየዓመቱ በአይዙ የመፀው በዓል ላይ ልጃገረዶች ነጭ መቀነት በግንባራቸው አስረው እርሷን ያስባሉ።

በ1876 ጎራዴ መታጠቅ በሕግ ተከለከለ። ሥራ የፈቱ የጎራዴ መምህራን ከ1873 ጀምረው እንጀራቸውን የሚያገኙት በሜዳ ላይ ትርዒት እያሳዩ፣ ከተመልካች መግቢያ እየተቀበሉ ነበር። ከትርዒቱ ውስጥ ሕዝቡ በጣም የሚወደው ናጊናታ የያዘች ሴት ጎራዴ ከያዘ ወንድ ጋር ስትጋጠም ነው። ትዝብት የሚያስከትል ነገር ነበር፤ የድሮ ሳሙራዮች «ክብራችንን እንደ ሰርከስ ሸጡት» ይሉ ነበር። ግን ከዚያ ሰርከስ ውስጥ ሶኖቤ ሂዴዮ ወጣች። በ1870 የተወለደች የሴንዳይ አካባቢ ልጅ ናት፤ ትርዒቱን አይታ ተከትላ ሄደች። ሂዴዮ የወንድ ስም ነው፤ የሚጻፍባቸው ምልክቶች «መብለጥ» እና «ወንድ» የሚል ትርጉም አላቸው። ስሟን አላሳፈረችም፤ በአደባባይ ግጥሚያ የታወቁ ጎራዴኞችን አሸንፋ ጂኪሺንካጌ የተባለው የናጊናታ ትምህርት ቤት ታላቅ መምህር ሆነች። ይህን መሣሪያ ከሴት ጋር ይበልጥ ያጣበቀው እንግዲህ የሳሙራይ ቤት ብቻ ሳይሆን የትርዒት ሜዳውም ጭምር ነው።

ቀጥሎ መንግሥት ገባበት። በ1895 ኪዮቶ ውስጥ የተመሠረተው ታላቁ የጃፓን የማርሻል አርት ማኅበር የናጊናታ መምህራንን ማሠልጠን ያዘ። በ1936 የትምህርት ሚኒስቴር ናጊናታን ለልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች በይፋ ፈቀደ፤ ጦርነቱ እየከረረ ሲሄድ ግዴታ ወደመሆን ተሸጋገረ። በዘመኑ የተነሱ ፎቶግራፎች ላይ በሜዳ ላይ የተደረደሩ መቶዎች ልጃገረዶች በአንድ ትእዛዝ ዘንግ ሲያነሱ ይታያሉ። የሚሰበከው ጀግንነት ሳይሆን መታዘዝ ነው፤ ጥሩ እናት፣ ጥሩ ሚስት፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የምትሞት ዜጋ። በሳሙራይ ቤት የተዘራችው «ጨዋነትን ማስተማሪያ» የምትል ሐሳብ እዚህ አድርሳለች። የናጊናታ ወዳጆች ይህን ምዕራፍ በፍጥነት ማለፍ ይወዳሉ። ዛሬ ናጊናታ «የሴቶች» የሆነው ከቶሞዬ ይልቅ በዚያ ሜዳ ላይ ስለተሰለፉት ልጃገረዶች ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ጥበቡን ያነሱት መምህራንም ከዚያው ትውልድ የመጡ ናቸው።

በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ማርሻል አርት ከትምህርት ቤት ተባረረ። ናጊናታ ተመልሶ የቆመው በ1955 መላው የጃፓን ናጊናታ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ነው፤ ልብስ ግን ለውጦ ነበር። ቀድሞ የየጥንታዊው ትምህርት ቤት ስልት የተለያየ ነው፤ አሁን ሳካኪዳ ያዬኮ የተባለችው መምህርት ከጦርነቱ ዓመታት ጀምራ ያበጀችው አንድ ወጥ ሥርዓት ተተካ። ስሙም «አጫጅ ጎራዴ» በሚለው የቻይና ምልክት መጻፉ ቀርቶ፣ ድምፁን ብቻ በሚይዘው ቀላል የጃፓን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ጎራዴው ከስሙ ውስጥ ወጣ ማለት ነው። የውድድሩ ዘንግ ከኦክ እንጨት፣ ስለቱ ከታጠፈ ቀርከሃ የሚሠራ ሲሆን ርዝመቱ ከ210 እስከ 225 ሴንቲ ሜትር ነው። ነጥብ የሚሰጠው ራስን፣ የእጅ አንጓን፣ ጎንንና ጉሮሮን በትክክል ለመታ፣ እንዲሁም ቅልጥምን ለመታ ነው። ኬንዶ የተባለው የጎራዴ ስፖርት ቅልጥም አይመታም። ኬንዶ ተጫዋች ከናጊናታ ተጫዋች ጋር ሲገጥም የእግር መከላከያ መልበስ አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ግን እግሩ መኖሩን የሚያስታውሰው ከተመታ በኋላ ነው። የ12ኛው መቶ ዘመን ሎሌ የፈረስ እግር ያጭድ የነበረበት ስልት የቀረልን እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ያለው ክርክር ከዚሁ ይነሳል። በ1983 ናጊናታ ወደ ጃፓን ብሔራዊ የስፖርት ጨዋታ ሲገባ እንደ ሴቶች ውድድር ገባ። የአገሪቱ ታላቅ ሻምፒዮና ሽልማቱ የእቴጌይቱ ዋንጫ ነው። የወንዶች ብሔራዊ ሻምፒዮና የተጀመረው በዚህኛው መቶ ዘመን ነው። በውጭ አገር ነገሩ ይለያል፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1990 ከተቋቋመ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ክበቦች ውስጥ ወንዱም ሴቱም አብሮ ይሠለጥናል። ስለዚህ አንድ ፈረንሳዊ ወንድ በልጅነቱ የጀመረውን፣ አንድ የኦሳካ ልጅ «የእህትህ ነው» ተብሎ ሊከለከል ይችላል። በ2012 ማርሻል አርት ለሁሉም የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለወንድም ለሴትም፣ ግዴታ ሲሆን ብዙዎች በር ይከፈታል ብለው ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ግን በአብዛኛው ጁዶና ኬንዶ መረጡ፤ መምህርም ዕቃም የሞላው ለእነሱ ነውና።

የወንዶች መግባት ነገር የፍትሕ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የመኖር ጥያቄም ነው። በ2024 በጃፓን የተወለዱ ሕፃናት ከ700 ሺህ በታች ናቸው። ማንኛውም ስፖርት ከዚህ እየጠበበ ከሚሄድ ትውልድ ላይ ሲሻማ፣ ከመጀመሪያው ግማሹን ለሌላ የተወ ስፖርት ይበልጥ ይጎዳል። የሚቃወሙም አሉ፤ ስጋታቸውን አልንቅም። ሴቶች ዋና መምህርም፣ ዋና ዳኛም፣ ዋና ሹምም የሆኑበት የጃፓን ማርሻል አርት ከዚህ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል። ወንዶች በብዛት ሲገቡ ወንበሩም አብሮ እንዳይሄድ ይፈራሉ። የጁዶን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ፍርሃቱን አጉል አይለውም፤ በዚያ ስፖርት ሴቶች ከፍተኛው ማዕረግ ላይ ለመድረስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀዋል።

ወደ ኪዮቶው ማማ እንመለስ። ዛሬ ከአናቱ ላይ የሚያበራው ናጊናታ ለሰልፍ የተሠራ አምሳያ ነው፤ የስለቱ አፍ ወደ ቤተ መንግሥቱና የበዓሉ ባለቤት ወደ ሆነው ያሳካ መቅደስ እንዳይዞር ተጠንቅቀው ይሰኩታል። ስለ መጀመሪያው ናጊናታ የሚነገረው ግን እንዲህ ነው። ሳንጆ ሙኔቺካ የተባለ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው ጎራዴ ሠሪ ነበር። ሴት ልጁ ታመመችበት። ስለ መዳኗ ሲል ቀጥቅጦ ለመቅደሱ ስለት ያገባው እርሱን ነው።